ፎቶ ውስጥ የሌለው ባል

ልብስ ሰፊዋ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ በፌስታል ይዛ መጣች፤ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ባሏ ያለበት አንድም አልነበረም። መቼስ እንዲህ ያለ ጉድ ያጋጥመኛል ብሎ የሚያስብ የለም። እሷም ብትሆን እስከዚያች ጠዋት ድረስ አላስተዋለችውም። ባሏ ውጭ አገር ከሄደ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ፎቶዎቹን እያወጣች ስታይ፣ ስታለቅስ፣ መልሳ ስትከት ከርማለች። እያየች ስታለቅስ የከረመችው ግን የገዛ ራሷን ፊት ነበር።

«ባልሽ የት አለ?» አሏት አባ ኮፒ።

አባ ኮፒ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጎን ጠረጴዛ አስጠግተው የውጭ አገር ፎርም የሚሞሉ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ መዝገብ ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። ኮፒ ያልተደረገ ነገር አልተደረገም ባይ ናቸው። ሁሉን ነገር በሦስት ነው የሚፈልጉት፤ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ሦስቴ ነው ይባላል።

«ውጭ አገር ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሱንማ ማመልከቻው ነገረኝ። ፎቶው ውስጥ የት አለ ነው የምልሽ፣ ልጄ።»

«ፎቶ አንሺ ነው እኮ፣ አባቴ። ሁሉንም ያነሳው እሱ ነው።»

አባ ኮፒ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ከቆንስላው የመጣውን ደብዳቤ ጎተት አድርገው አነበቡላት። ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ሆነው የሚያሳዩ ከአሥር ያላነሱ ፎቶግራፎች ይቅረቡ ይላል። ካልቀረቡ ፋይሉ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል፤ የወረፋው መጨረሻ ደግሞ ሁለት ዓመት ነው። ባሏ ዘንድ ልትሄድ ለጠየቀችው ቪዛ የቃለ መጠይቁ ቀን ሊደርስ የቀረው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነበር።

«በስልክ እየተያየን ስናወራ ያስቀረሁት ፎቶ አለ» አለች፤ ስልኳን አውጥታ እያሳየች። «ይኸው፣ ሁለታችንም እንታያለን።»

«ስልክ ውስጥ ያለ ባል ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንድ ላይ ነው የሚለው። አንድ ቦታ፣ ጎን ለጎን፣ ትከሻ ለትከሻ።»

ትከሻ ለትከሻ ሲሉ ልብስ ሰፊዋ ትንሽ ደንገጥ አለች። ለምን እንደደነገጠች ያን ጊዜ ለራሷም አልገባትም።

የሠርጉን ፎቶ ፈልጋ አወጣች። የሠርጉ ፎቶ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ፎቶ አንሺው በገዛ ሠርጉ ቀን እንኳ ካሜራውን ለሰው አልሰጥም ብሎ፣ ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ሰክቶ፣ አሥር ሰከንድ ቆጥሮ ራሱ እንዲያነሳ ሞልቶ፣ ሮጦ ከሙሽራዋ ጎን ሊቆም ነበር። ሮጠ፤ ግን አልደረሰም። ፎቶው ላይ ሙሽራዋ ክንዷን ወደ ጎን ዘርግታ አየር አቅፋ ትስቃለች። በግራ በኩል፣ ጥጉ ላይ፣ አንድ የወንድ ጫማ ይታያል፤ ተረከዙ ወፍራም ነው።

«ይሄ ነው?» አሉ አባ ኮፒ ጫማው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው።

«እሱ ነው።»

«ቆንስላው ለጫማ ሚስት አይልክም፣ ልጄ።»

ልብስ ሰፊዋ መሳቅ አማራት፤ ግን እንባዋ ቀደመ። ባሏ ናፍቋታል፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ሦስት ዓመት ለሁለት ሰው አንጥፋ ለብቻዋ ተኝታለች። አሁን ደግሞ ሁለት ዓመት ልትጨምር ነው፤ ያውም ሰውዬው ፎቶ ማንሳት እንጂ መነሳት ስላልሆነለት።

አባ ኮፒ የሴት እንባ አይችሉም። ወረቀት ያርሳል ይላሉ። ስለዚህ ፎቶዎቹን ከእንባው ሊያሸሹ ወደራሳቸው ሰበሰቡ፣ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፣ አንድ በአንድ ያዩ ጀመር። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ መሬት ላይ የተጋደመው ማን ነው?»

ጠጋ ብላ አየች። በቤቷ ግቢ የተነሳችው ነው፤ እሷ በሩ አጠገብ ቆማለች። ከፊቷ ካሬ ካሬ በሆነው የሲሚንቶ ንጣፍ ላይ ጥቁር የሰው ጥላ ረዘም ብሎ ተኝቷል፤ ክርኖቹ እንደ ድስት ጆሮ ግራና ቀኝ ወጥተዋል።

«የሱ ጥላ ነዋ» አለች። «ፀሐይን ከጀርባዬ ሳላደርግ አላነሳም ይላል። ቦታም አለችው፤ የፍሳሹ ክዳን ላይ ካልቆመ ፎቶ አይወጣለትም።»

በግቢው የተነሱት አሥራ ሰባት ነበሩ፤ አሥራ ሰባቱም ላይ ጥላው አለ። አባ ኮፒ ፎቶዎቹን ለይተው ደረደሩና እጃቸውን አፋተጉ።

«ከአሥር ያላነሰ ነው የተባለው፤ ሰባት ተረፈን። በይ፣ ባል አግኝተናል። የቀረን ጥላው የባልሽ መሆኑን የሚያረጋግጥ ባለሙያ ነው።»

«ጥላ ማስረጃ ይሆናል እንዴ፣ አባቴ?»

«ባለሙያ ከፈረመበት ምን የማይሆን አለ። ዘመድ ውስጥ የሚለካ ሰው የለሽም?»

ነበራት። አጎቷ የመሬት ቀያሽ ነው። የሰውን ድንበር ሲያስታርቅና ሲያጣላ የኖረ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው። ጉዳዩን ስትነግረው አልሳቀም፣ አልገረመውምም። በማግስቱ ጠዋት ባለሦስት እግሩን መሣሪያ፣ ቀይና ነጭ የተቀባውን ዘንግ ይዞ፣ የሥራ ሰደርያውን ለብሶ ከተፍ አለ።

«ጋሽዬ፣ ምን ይሄን ሁሉ አለፋህ? ባሌን ታውቀው የለ እንዴ? ሠርጌ ላይ አብረኸው ጨፍረሃል። አውቀዋለሁ ብለህ ፈርምልኝ፣ በቃ።»

«እንደ አጎት አውቀዋለሁ» አለ ዘንጉን እየተከለ። «እንደ ቀያሽ ግን ገና አልተዋወቅንም።»

ከፎቶዎቹ አንዷን መረጠ። ጥጓ ላይ ቀኑና ሰዓቱ ታትሞባታል፤ ቀኑ ከዛሬው የሚለየው በሁለት ቀን ብቻ ነው። ፀሐይ በዓመቱ ወደዚያው ቦታዋ ተመልሳለችና ሥራው ይሠራል አለ። ልብስ ሰፊዋን ጫማዋን አስወልቆ የፍሳሹ ክዳን ላይ አቆማት። የጎረቤት ተከራይዋ የልብስ ማስጫ ገመዷን እንድትፈታ ታዘዘች። ሴትዮዋ እርጥብ አንሶላዋን እንደታቀፈች ምን ሊደረግ ነው ብላ ብትጠይቅ፣ «የሷን ባል እየፈለግን ነው» ብሎ ዘጋት። ሴትዮዋ ክዳኑን አየች፣ የፍሳሹን ጉድጓድ አየች፣ ከዚያ ቤቷ ገብታ በሯን ቀረቀረች።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ጅብራ ተገትራ ቆመች። ሰዓቱ ሲደርስ አጎቷ የጥላዋ አናት የነካበትን ንጣፍ በኖራ ምልክት አደረገ። የሷ ጥላ ልክ ዘጠኝ ንጣፍ ሆነ። ፎቶው ላይ ያለው ጥላ ግን ስምንት አልፎ፣ ዘጠነኛው ንጣፍ እኩሌታ ላይ ሊደርስ ሲል ያቆማል። አጎቷ ወረቀቱ ላይ አካፈለ፣ አባዛ፣ ራሱን ነቀነቀ።

በሦስተኛው ቀን ባለ ሦስት ገጽ ሪፖርት፣ ንድፍ የተሳለበት፣ ማኅተም የተመታበት፣ አባ ኮፒ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ነጥብ ሀ፣ የፍሳሽ ክዳን። ነጥብ ለ፣ ሚስት። ነጥብ ሐ፣ የጥላው አናት። ማጠቃለያ፦ የጥላው ባለቤት ቁመት ከነጫማው አንድ ሜትር ከስልሳ አንድ ሲሆን፣ ከአንድ ሳንቲሜትር የበለጠ ስህተት ሊኖር አይችልም።

አባ ኮፒ ደስ ብሏቸው ሦስት ኮፒ አስነሱ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ቁጥሩን ከማመልከቻው ጋር ሊያመሳክሩ ፋይሉን ከፈቱ። ልብስ ሰፊዋ ፊታቸውን እያየች ነበርና ደስታው ሲጠፋ አየችው።

«ልጄ፣ ባልሽ በገዛ እጁ የሞላው ፎርም ላይ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ሰባት ነው የሚለው።»

«እ?»

«እንግዲህ በወረቀት እንሂድ ካልን፣ አሥራ ሰባት ጊዜ ፎቶ ያነሳሽ ሰው ባልሽ አይደለም። ከባልሽ በአሥራ ስድስት ሳንቲሜትር የሚያጥር ሌላ ሰውዬ ነው። ጠዋት ጠዋት ግቢሽ የሚመጣ።»

«ወይ ጉድ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ሌላ ምን ትበል። ሴት ባሏን ለማስመስከር ሄዳ ውሽማ ተመስክሮባት ትመለሳለች?

ሱቋ ተመልሳ ሥራ ልትጀምር ብትሞክር እጇ እምቢ አለ። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን አሮጌ ደብተር አወጣች። የባሏን ገጽ ታውቀዋለች። የሠርጉን ሙሉ ልብስ የሰፋችለት እሷ ናት። ያን ቀን በባዶ እግሩ አቁማ፣ እየተሳሳቁ፣ ከአናት እስከ ተረከዝ ለክታው ነበር። አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት ይላል የራሷ ጽሑፍ። አጎቷ ያገኘው አራት ትርፍ ሳንቲሜትር የተረከዙ ነው። ሱሪውን ሁልጊዜ እስከ መሬት የምታስረዝመው እኮ ያ ተረከዝ እንዲሸፈን ነበር። ታዲያ አንድም ቀን ተነጋግረውበት አያውቁም፤ እሷ ታስረዝማለች፣ እሱ ይለብሳል።

የራሷ ቁመት አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ነው። ሰባ ሰባት ከየት እንደመጣ አሁን ገባት። ሰውዬው ከሚስቱ በአምስት ሳንቲሜትር ልብለጥ ብሎ ነው።

ስልክ ደወለች። እሱ ዘንድ የምሳ ሰዓት ነበርና አፉ ሙሉ ነው።

«አንተ፣ ቁመትህን ስንት ብለህ ነው የሞላኸው?»

ማላመጡን አቆመ።

«ሰማኸኝ?»

«መስመሩ ይቆራረጣል።»

«አይቆራረጥም።»

«አንድ ሰባ ሰባት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፊቴ የቆመው ሰውዬ አንድ ሰማንያ አምስት ብሎ ሲጽፍ አየሁት። ማን ይለካኛል ብዬ ነዋ።»

«አጎቴ ለካህ።»

«እዚህ ሆኜ?»

«በጥላህ።»

«እሱ ደግሞ፣ ጠዋት የተለካ ጥላ ያሳጥራል።»

«ጠዋት ጥላ ያረዝማል፣ ባሌ። አንተን ግን ጠዋትም አላገዘህም።»

ወዲያው ቆጫት። የቀለደችው ንዴት አፏን ቀድሟት ነው። እሱ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«ሠርጋችን ላይ ጓደኞችሽ መሰላል አምጡለት ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ» አለ። «አንቺ አልሰማሽም።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እሷ ያን ቀን የሰማችው ጭብጨባና ሳቅ ብቻ ነበር። አሥሩ ሰከንድ ለምን እንዳልበቃው አሁን ገባት። ካሜራውን ለሰው የማይሰጠው፣ ፀሐይን ከጀርባ የሚለው፣ የፍሳሹ ክዳን፣ ሁሉም ገባት። ሰውዬው ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ከጎኗ ላለመቆም ፊት ለፊቷ ቆሟል።

«ታርሞልኝ ይግባ ብለህ አንድ ደብዳቤ ጻፍ» አለችው በለስላሳ ድምፅ። «አንዲት መስመር ናት።»

«ተይኝ እባክሽ። ፎርም ላይ እንኳ አንድ ጊዜ ከሚስቴ ልርዘም።» ከዚያም ጨመረ፦ «ከጠየቁሽ ሰባ ሰባት በያቸው። እሺ?»

እሺም እምቢም አላለችውም። አንጀቷን በላው።

አጎቷ ዘንድ ሄዳ ሪፖርቱን ትንሽ እንዲያስረዝመው ለመነችው። «ለዘመድ ብዬ ፀሐይን አላንቀሳቅስም» አላት። አባ ኮፒን ሪፖርቱ ይቅር አለቻቸው። ከሌለ ባል የለሽም፣ ካለ ጥላው የሌላ ሰው ነው፣ ምርጫው ያንቺ ነው ካሉ በኋላ፣ ለማንኛውም ሦስት ኮፒ ስለተነሳ ከእንግዲህ አይቀደድም ብለው ራሳቸው ወሰኑ። እሳቸው ኮፒ የተደረገ ነገር ሲቀደድ በሕይወታቸው አላዩም።

ቀኑ ደረሰ። ልብስ ሰፊዋ በራሷ እጅ የሰፋችውን ቀሚስ ለበሰች፣ ትንንሾቹን ክብ ጉትቻዎች አደረገች፣ ፋይሉን ታቅፋ ተሰለፈች። ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የመስኮቱ ሰውዬ ራሰ በራ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ ነበር፤ ቋንቋዋን ስለማያውቅ አጠገቡ አስተርጓሚ ተቀምጣለች። አሥራ ሰባቱን ፎቶ እንደ ካርታ ጨዋታ ዘረጋ። ከዚያ ሪፖርቱን፣ ንድፉን፣ ማኅተሙን አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ነጥብ ለ አንቺ ነሽ?» አለች አስተርጓሚዋ።

«አዎ፣ ነጥብ ለ እኔ ነኝ።»

«ባለቤትሽስ?»

«ነጥብ ሐ።»

ሰውዬው የፎርሙን ገጽ ገለጠ፤ እስኪርቢቶው አንድ ቁጥር ላይ ሄዶ ቆመ። መጣ፣ አለች በልቧ።

«የባለቤትሽ ቁመት ስንት ነው?»

ሁለት መልስ ምላሷ ላይ ነበራት። ሰባ ሰባት ካለች፣ ጥላው የሌላ ሰው ይሆናል፤ እሷም ውሸታም። ስልሳ አንድ ካለች፣ ባሏ በመንግሥት ወረቀት ላይ ዋሽቷል፤ እሱ ውሸታም። አፏን ከፈተች፤ ቁጥር ግን አልወጣም። በዚህ መሀል ቀኝ እጇ ሳትልከው ብድግ አለ። ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ቢጠፋው እጇ ያውቃል። መዳፏን ወደ መሬት ዘርግታ፣ ልክ ጆሮዋ ጫፍ፣ ጉትቻዋ ላይ አስጠጋችው።

«እስከዚህ ነው» አለች። «ጫማውን ሲያወልቅ። ጫማ ሲያደርግ ደግሞ ከዚህ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል።»

አስተርጓሚዋ ተረጎመች። ሰውዬው አልጻፈም፤ እጇን ያያል።

«ሲያቅፈኝ ጸጉሩ ጉትቻዬ ላይ ይጠላለፋል» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከጀመረች ወዲያ ማቆም አልቻለችም። «ሁለት ጉትቻ ሰብሮብኛል፣ በየጊዜው እጣላው ነበር። ከሄደ ወዲህ ይኸው ሦስት ዓመቴ፣ አንድም አልተሰበረብኝም።»

ይህን ስትል እንባዋ መጣ። እጇ ግን ከቦታው አልወረደም፤ ንቅንቅ አላለም።

የመስኮቱ ሰውዬ የሠርጉን ፎቶ ከሥር ጎትቶ አወጣ። ክንዷ የተዘረጋበትን ባዶ ቦታ አየ፤ ጥጉ ላይ ያለውን ጫማ፣ ከጫማውም ተረከዙን አየ። አንድ ነገር ጠየቀ።

«ታዲያ ለምን አንድ ሰባ ሰባት ብሎ ጻፈ ይልሻል።»

«እኔ አንድ ሰባ ሁለት ስለሆንኩ።»

አስተርጓሚዋ ስትተረጉም ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። ሰውዬው ራሰ በራውን ዳበስ አደረገ። ከዚያ ቀይ እስኪርቢቶ አንስቶ ሰባ ሰባቱ ላይ መስመር አሰመረ፣ ከሪፖርቱ ላይ ስልሳ አንድን ገልብጦ ጻፈ፣ አጠገቡ እንድትፈርም በመስኮቱ ሥር አሳለፈላት። እየፈረመች ሳለ እንደገና ተናገረ።

«ቁጥር አጥንተው የሚመጡ በየቀኑ ይመጣሉ ይልሻል። ቪዛሽ ተፈቅዷል።»

ልብስ ሰፊዋ አመሰገነች፣ መልሳ አመሰገነች፣ ፋይሉን ሳትይዝ ወጣች፤ ዘበኛው ጠርቶ መለሳት። በሩ ላይ አባ ኮፒ ቆመው ነበር። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ተፈቀደ ስትላቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አመሰገኑ፤ ወረቀቱን ካዩ በኋላም ሦስት ኮፒ ሊያስነሱበት ይዘውት ሄዱ።

ብቻዋን ስትቀር ግንቡን ተደግፋ ደወለች።

«ተፈቅዷል» አለችው።

ከወዲያኛው ጫፍ ሳቅ የመሰለ ነገር ሰማች፤ ለቅሶም ነበረበት። ትንሽ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ስንት አልሻቸው?»

«ቁጥር አልነገርኳቸውም። በእጄ አሳየኋቸው።»

መስመሩ አልተቆራረጠም፤ ትንፋሹ ይሰማታል።

«የት ላይ?» አለ በመጨረሻ። «ከጉትቻሽ በታች ነው በላይ?»

ልብስ ሰፊዋ ነፃ እጇን አንስታ ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። መዳፏ ጉትቻው ላይ ልክ ገጠመ፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት፣ ደብተሯ እንዳለው። እውነተኛውን ልክ ለመስኮቱ ሰውዬ ሰጥታ ጨርሳለች። ለባሏ አንድ ጣት ብትጨምርለት ማን ይለካታል።

«በላይ ነው» አለችው።